የጉለሌ እጅ በሐምቡርግ ሞተር ላይ

ከጉለሌ የወጣሁ ዕለት፣ ገና ሊነጋጋ ሲል፣ ባለቤቴ ዘነበች እስከ አስፋልቱ ሸኘችኝ። ለጦር ግንባር በመካኒክነት ስሜ ተጠርቶ ነበር። ወደ ጎጃም የሚሄደውን የጭነት መኪና ናፍጣ የሚረጨውን ፖምፓ በዋዜማው ያስተካከልኩት እኔው ነኝ፤ ሹፌሩ ለውለታዬ ከጆንያዎቹ መሃል ደበቀኝ። መኪናው የእንጦጦን ዳገት ጢስ ሳይተፋ ወጣው። ዘነበችን ዞሬ ማየት አልቻልኩም፤ ሞተሩን እያዳመጥኩ ሄድኩ።

በሱዳን አድርጌ ሐምቡርግ ገባሁ። እናንተ የሐምሌ የምትሉት ዝናብ እዚህ ዓመቱን ሙሉ ነው። ዳቦአቸው ጥቁር፣ ኮምጠጥ ያለ ነው፤ ሽታው እንጀራ ቢመስለኝም ስጎርሰው ሌላ ሆነብኝ።

ሥራ ያገኘሁት ዩኒቨርሲቲ ነው፣ የናፍጣ ሞተር የሚፈተንበት ክፍል። በጠራጊነት ገብቼ፣ ብሎን መፍታት እንደምችል ሲያዩ ረዳት አደረጉኝ። የምታሠራኝ ሔልጋ የምትባል ተመራማሪ ነበረች። ሥራዋ ሞተሩን ሳያስነሱ ጢሱን በሂሳብ ማወቅ ነው። ናፍጣውን፣ አየሩን፣ ሙቀቱን በቁጥር ትጽፋለች፤ ኮምፒውተሩ ጢሱ የሚያንስበትን ልክ ይነግራታል። እኔ ከአራተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት፤ ግን እኛ በዓይንና በጆሮ የምንሠራውን እሷ በወረቀት እንደምትሠራው ገባኝ።

ዘነበችን ላስመጣ ብዬ የውጭ ዜጎች ቢሮ ሄድኩ።

"የሙያ ወረቀትህስ?" አለኝ ሹሙ።

"ሙያዬ ጆሮዬ ነው።"

"ጆሮ ላይ ማኅተም አንመታም። የሚያሠራህ ሰው ደብዳቤ ይጻፍልህ።"

ሔልጋ ፈተናው ሲያልቅ እጽፋለሁ አለች። ፈተናው ግን አላልቅ አለ። ሞተሩ ሂሳቡ ከሚለው ያነሰ ያጨሳል፣ ጉልበቱም ደከም ያለ ነው። ሦስት ሳምንት ቁጥሯን ስትደልዝ ከረመች። አንድ ቀን ፖምፓው ላይ ያለችውን የናፍጣውን ልክ የምትወስን ብሎን አየሁና ክው አልኩ። ስንገጥመው እጄ እንደ ልማዱ ናፍጣውን ቀንሶታል። እኛ ዘንድ አየሩ ስስ ነው፤ ካልቀነስክለት ሞተር ጥቁር ያጨሳል። ሐምቡርግ ግን ከባሕር እኩል ናት፣ አየሯ ወፍራም ነው።

ብናገር ደብዳቤው ይቀራል። ሁለት ቀን ዝም አልኩ። በሦስተኛው ሂሳቧን ልትጥለው ስትነሳ አላስቻለኝም።

"ሂሳብሽ ልክ ነው። ያጠፋሁት እኔ ነኝ" ብዬ ብሎኗን አሳየኋት።

"ማን አዘዘህ?"

"ማንም። እጄ ጉለሌ ያለ መስሎት ነው።"

ጎንበስ ብላ ብሎኗን አየቻት። ከዚያ፣ "አገርህ ከፍታው ስንት ሜትር ነው?" አለችኝ።

"ሜትሩን እንጃ። ቁስቋም ማርያምን ተሳልመን ቁልቁል ነው ወደ ቤት የምንገባው።"

ሂሳቧ ላይ ለስስ አየር አንድ መስመር ጨመረች። ደብዳቤውንም ጻፈችልኝ።

ሹሙ ማኅተሙን መትቶልኝ የዘነበች የመግቢያ ወረቀት አዲስ አበባ ሲደርስ፣ እሑድ ቀን ወደ ጎረቤታችን ሐጂ ሱቅ ደወልኩ። ዘነበች እዚያ ትጠብቀኝ ነበር።

"ቀበሌው ለመውጫ ቪዛ አልፈርምም አለ" አለችኝ። "ሊቀመንበሩ፣ ባልሽ ራሱ መጥቶ ያመልክት አለኝ።"

በስልኩ ከወዲያ ማዶ አንድ የጭነት መኪና እያቃሰተ ዳገቱን ሲወጣ ተሰማኝ። ፖምፓው እንደተበላሸ በድምፁ አወቅሁ።

"ጢሱ ጥቁር ነው?" አልኳት።

እስከ ደጃፉ ሄዳ ተመለሰች።

"መንገዱን ሸፍኖታል" አለችኝ። "ከሄድክ ወዲህ እንዲሁ ነው።"