በሁለት ዘንግ መካከል ያለች ጎማ

ከደብረ ማርቆስ የተነሳሁት ፍልሰታ በተፈታ በሳምንቱ፣ ሰኞ ማለዳ ነው። ዋዜማውን አለቃዬ ቤቴ ድረስ መጥቶ አንዲት የታጠፈች ወረቀት ሰጥቶኝ ነበር። ከቡሬ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ገባ ብሎ ያለ የአንድ ገበሬ ማኅበር ወፍጮ በአንድ ክረምት ሦስት ጊዜ ተሰብሯል፤ ማኅበሩም የወፍጮውን አንቀሳቃሽ ጠርጥሯል። «አሻጥር» የሚለው ቃል ወረቀቱ ላይ ሁለት ጊዜ ተጽፏል። ዘመኑ የደርግ ነው፤ ይህ ቃል ከአንድ ሰው ስም አጠገብ ከተጻፈ በኋላ ምን እንደሚከተል ሁላችንም እናውቃለን። የእኔ ሥራ ሄጄ ማየት፣ ከቻልኩ መጠገን፣ ከዚያም ሰውየው ጥፋተኛ ይሁን አይሁን በፊርማዬ አረጋግጬ መጻፍ ነው። ሪፖርቴ እስኪደርስ ከቀበሌው እንዳይወጣ ታዟል።

እውነቱን ልናገርና ስለ ሰውየው ብዙም አላሰብኩም። ያሳሰበኝ የመንገዱ ጭቃ ነበር። በብየዳ ስሜ የተጠራ ነኝ፤ በጋራዣችን እምቢ ያለ ብረት ሁሉ መጨረሻው ወደ እኔ ነው። ይህን ሳወራ ባለቤቴ ትስቅብኛለች።

እስከ ቡሬ

አውቶቡሱ አማኑኤልንና ደምበጫን በሰላም አለፈ። ጅጋ ልንደርስ ስንል የኋላ ጎማው ጭቃ ውስጥ ሰጠመና ወንዶቹ ሁሉ ወርደን መግፋት ጀመርን። መፍቻዎቼን፣ የብረት መቁረጫ ሴጌቶዬንና ውሃ ልኬን የያዘውን ቦርሳ ለማንም አላምንም ብዬ በአንድ እጄ ታቅፌ በአንድ እጄ ስገፋ ያዩ አንድ አዛውንት «ወንድሜ፣ ሕፃኑን ለእናቱ ስጥና በሁለት እጅህ ግፋ» አሉኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። መኪናው ሲወጣ የቀኝ ጫማዬ ሶል እዚያው ጭቃ ውስጥ ቀረ።

ፍኖተ ሰላም ኬላ ላይ የይለፍ ወረቀታችን ታየ። ጾሙ ስለወጣ ምግብ ቤቱ ሁሉ የሥጋ ወጥ ይሸታል፤ በአንድ ብር ጠግቤ በላሁ። ከዚያ ወዲያ ማንኩሳ ድረስ ግራና ቀኙ በቆሎ ነው፤ ጸጉሩን አውጥቶ ሰው አክሎ ቆሟል። ባለፈው ዓመት ለዝናብ የጓጓ ሰው ያንን አረንጓዴ ሲያይ ዝም ብሎ ደስ ይለዋል።

ቡሬ እንደደረስኩ በአንድ እግሬ እያነከስኩ ከመናኸሪያው አጠገብ ከአሮጌ የመኪና ጎማ በረባሶ የሚሠሩ ሰው ዘንድ ሄድኩ። ጫማዬን አገላብጠው አዩና በጎማ ሶል ሰፉልኝ። የከተማ ሶል ደረቅ ስለሆነ ድንጋይ ሲያገኘው ይሰነጠቃል፣ ጎማ ግን እጥፍ ብሎ ያልፋል ብለው አስተማሩኝ። እኔም በጨዋነት ራሴን ነቀነቅኩ እንጂ ልብ ብዬ አልሰማኋቸውም።

ወፍጮ ቤቱ

በማግስቱ የማኅበሩ ሊቀመንበር ቦርሳዬን የምትሸከም በቅሎ ይዞ መጣ። «ጓድ» እያለ መንገዱን ሙሉ ሲያጫውተኝ ክፉ ሰው እንዳልሆነ ገባኝ፤ የፈራ ሰው ነው። ወፍጮው የተገዛው በገበሬው መዋጮ ነው፤ ከሐምሌ ጀምሮ ስለቆመ ሴቶቹ እህሉን እስከ ቡሬ በጀርባቸው ያመላልሳሉ፤ ያልቻሉት ደግሞ በእጅ ይፈጫሉ። አንድ ሰው ተጠያቂ ካልሆነ ተጠያቂው እሱ ራሱ ነው።

ወፍጮ ቤቱ ከመስኩ ዳር፣ ዋልካ መሬት ላይ የተሠራች የቆርቆሮ ቤት ነች። አንቀሳቃሹ አያ ይግዛው በር ላይ ቆመው ጠበቁን። ዕድሜያቸው ስልሳ የሚጠጋ፣ ቀጭን፣ ሸሚዛቸው በናፍጣ የወዛ ሰው ናቸው። አንድ አፍታ ትኩር ብለው አዩኝና ጎንበስ ብለው ሰላምታ ሰጡኝ። በቀጥታ ወደ ሞተሩ ልሂድ ስል ከለከሉኝና አጠገቡ ወዳለው ቤታቸው አስገቡኝ፤ መንገደኛ እግሩን ታጥቦ እህል ሳይቀምስ ስለ ጉዳይ ማንሳት በዚያ አገር ነውር ነው። ሊቀመንበሩ ከተጠርጣሪ ቤት መብላቴን ባይወደውም ወጉን መጣስ ግን አልደፈረም።

ወይዘሮ ጥሩ፣ ባለቤታቸው፣ ውሃውን አፈሰሱልኝ። የዳጉሳ እንጀራ በድንች ወጥ አቀረቡልን። ዱቄቱ ሻካራ ነው፤ በእጅ የተፈጨ መሆኑ ያስታውቃል። ዐይናቸው ከፊቴ አልተነሳም፤ ባላቸውን የምወስድባቸው ወይም የምተውላቸው እኔ ነኝና። ያን ጊዜ ነው ሰውየው ለእኔ ሰው የሆኑልኝ።

ከምሳ በኋላ ወደ ወፍጮው ገባን። ይህ ወፍጮ ዙሩን የሚያስተላልፍ ቀበቶ፣ ቺንጋ የሚባለው፣ የለውም። ሞተሩና ወፍጮው ፊት ለፊት ተቀምጠው የሁለቱ ዘንግ ጫፎች አንድ ማጋጠሚያ ላይ ይገናኛሉ። ማጋጠሚያው ሁለት የብረት ሳህን ነው፤ በመካከላቸው ወፍራም ጎማ ገብቶ በብሎን ይታሰራል። ሞተሩ ሲዞር ጎማው ዙሩን ለወፍጮው ያቀብላል፤ ሁለቱ ዘንጎች በመጠኑ ባይገጣጠሙም እየተለመጠ ይችላቸዋል።

መከለያውን አነሳሁ። ጎማ የለም። ሁለቱ ሳህኖች ዙሪያቸውን በብየዳ ተጣብቀው አንድ ብረት ሆነዋል። የወፍጮው ዘንግ የሚዞርበት ኩሽኔታ ተፈርክሷል፤ ዘንጉም አንገቱ ላይ ተሰንጥቋል። ክር ወጥሬ ብለካ ሞተሩ በአንድ ወገን የስንዴ ቅንጣት ያህል ከፍ ብሏል። ዋልካው በበጋ ይሰነጠቃል፣ ክረምት ሲገባ ያብጣል፤ የሞተሩን መሠረት ያነሳውም እሱ ነው። የሚለመጥ ነገር በመካከሉ ስላልነበረ ጫናው ሁሉ ኩሽኔታውና ዘንጉ ላይ አረፈ። አሻጥር የሚባል ነገር የለበትም።

ከዚያ ብየዳውን በጨርቅ ጠረግኩት። ስፌቱ ቀጭን፣ እኩል፣ መጨረሻው ላይ ወደ ግራ እጥፍ ያለ ነው። እንዲህ አድርጎ የሚጨርስ በማርቆስ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም እኔ ነኝ።

ካቻምና አንድ ገበሬ ይህን ማጋጠሚያ በጆንያ ጠቅልሎ ይዞልኝ መጥቶ ነበር። የተቀደደውን ጎማ አሳይቶኝ ለስለስ ያለ ነገር በመካከሉ እንዳስገባለት ሲለምነኝ፣ ጎማው ጋራዣችን ውስጥ ስላልነበረ «አባባ፣ ከእንግዲህ አይቀደድም» ብዬ አጣብቄ ሰጠሁት። ቦታው ምን እንደሚመስል እንኳ አልጠየቅኩም። አምና ዝናቡ ስላነሰ ዋልካው አላበጠም፤ ዘንድሮ ግን አበጠ። በሥራዬ ኮርቼ ያንን ቀን ለባለቤቴ ነግሬያታለሁ።

ሊቀመንበሩ ውጭ በቅሎዋን ያሰናዳል። የመጣልኝ ሐሳብ አያኮራም፤ ጥፋቱን በመሬቱ ላላክክና ብየዳውን ሳላነሳ ልለፈው አልኩ። ውሸት አይደለም። ግን ኮሚቴው «ማጋጠሚያውን ማን አበላሸው?» ማለቱ አይቀርም፤ ያኔ መልሱ እኝሁ ሽማግሌ ይሆናሉ። ቀና ስል አያ ይግዛው ከአጠገቤ ቆመዋል፤ ያ ገበሬ እሳቸው መሆናቸውን ያን ጊዜ ለየሁ።

«አያ ይግዛው፣ አውቀውኛል?»

«ገና ከበቅሎዋ ኋላ ሲመጡ ነው ያወቅሁዎ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አሉ? የሚታሰሩት እኮ እርስዎ ነዎት።»

ብየዳውን በጣታቸው ነካ አደረጉት። «ለኮሚቴው ብየዳው ከማርቆስ ነው ብያለሁ፤ የመንግሥት ጋራዥ አይሳሳትም አሉኝ። ለርስዎ ግን፣ ቤቴ ገብተው እህሌን ቀምሰው፣ ጥፋቱ የርስዎ ነው ብዬ በሰው ፊት እንዴት ላሳፍርዎ? ብረቱን ሲከፍቱት ራስዎ ያዩታል አልሁ። ካዩት በኋላ እሚሆነው የርስዎ ፈንታ ነው።»

አፍሬያለሁ፤ ደግሞ በሕይወቴ እንደዚያ የተከበርኩበት ቀን የለም።

ጥገናው

ማታውን ከነሱ ቤት አድሬ ረቡዕ ወደ ቡሬ ተመለስኩ። አዲስ ኩሽኔታ ገዛሁ፤ የተሰነጠቀውን ዘንግ እዚያው ባለ ጋራዥ አስለወጥኩ። በረባሶ ሠሪው ደግሞ ከከባድ መኪና ጎማ ሦስት ክብ ቆረጡልኝ። ለማን እግር እንደሆነ ሲጠይቁኝ ለወፍጮ ነው አልኳቸው፤ ጫማዬን አይተው ሳቁ።

ሐሙስ ብየዳዬን በሴጌቶ ስቆርጥ ዋልኩ። ጥሩ ብየዳ ስለነበር አስለፋኝ። አያ ይግዛው በተራቸው እየተቀበሉኝ ቆረጡ፤ እያረፍን ሳለም ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው የእርሻ ዕቃ አንድ ጠፍር አውርደው አሳዩኝ። ቀንበሩን ከሞፈሩ ጋር የሚያስረው ምራን ነው።

«ሁለት በሬ ቁመቱ እኩል ሆኖ አያውቅም» አሉኝ። «አንዱ ሲረግጥ አንዱ ይነሳል። በብረት ብናስረው አንድ ትልም ሳናወጣ ሞፈሩ ይሰበራል። ካቻምና ልነግርዎ የፈለግሁት ይህን ነበር፤ ሥራ በዝቶብዎ ነበር።»

ሥራ አልበዛብኝም ነበር። ይህንንም እሳቸው ያውቁታል።

ሞተሩን በውሃ ልክ አስተካክለን፣ አንዱን ጎማ አስገብተን አሰርን፤ ሁለቱን ለመለዋወጫ አስቀመጥን። ሲነሳ ዘንጎቹ ያለ ጩኸት ዞሩ፤ ጎማው ብቻ በመካከላቸው ቀስ እያለ ይለመጣል። የመጀመሪያውን ቁና ያፈሰሱት ወይዘሮ ጥሩ ናቸው። ዱቄቱን በእጃቸው ዘግነው አዩና ባላቸውን ሳይሆን እኔን ተመለከቱኝ፤ ወረቀቱ ገና አልተጻፈም።

ሪፖርቱን በሊቀመንበሩ ቤት ጻፍኩ። ማጋጠሚያው የተበየደው በጋራዣችን በእኔ እጅ መሆኑን፣ አንቀሳቃሹ ያን ጊዜ የጠየቁኝ ትክክለኛውን እንደነበረና አለመስማቴን ጻፍኩ። ሊቀመንበሩ ሁለት ጊዜ አነበበው። «ጓድ፣ ይህን ከፈረምክ የሚመጣው ባንተ ላይ ነው» አለኝ። አውቃለሁ ብዬ ፈረምኩ።

ቤቴ

ዓርብ ማታ ማርቆስ ገባሁ። ቅዳሜ አለቃዬ ሪፖርቱን አነበበው። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፤ ይገባኝ የነበረ የደረጃ ዕድገትም ቀረ። ጋራዡ ውስጥ ስለኔ ብየዳ የሚቀልዱ አልጠፉም። ለባለቤቴ ሁሉንም ስነግራት እንደ ልማዷ አልሳቀችብኝም።

ከጉዞው የተማርኩት ስለ ብረት አይደለም፤ ብረት ድሮም አውቃለሁ። ዕቃ ይዞልኝ የመጣን ሰው አሁን በቅድሚያ አስቀምጬ ዕቃው የት እንደሚቆም፣ መሬቱ ምን ዓይነት እንደሆነ፣ እሱ ራሱ ምን እንደሚያስብ እጠይቀዋለሁ። ጊዜ ይወስዳል።

በዓመቱ፣ ሌላ ክረምት ሊወጣ ሲል፣ የቡሬ አውቶቡስ ሹፌር አንዲት ጥቅል አመጣልኝ። ውስጧ በአንድ ወገኑ ተበልቶ ያለቀ ክብ ጎማ አለ። ከሱ ጋር በሌላ ሰው እጅ የተጻፈች ብጣሽ ወረቀት፦ «ሦስቱም ጎማ አልቋል። ዘንጉም እኔም ደህና ነን። ይግዛው።»

ወረቀቷን ደጋግሜ አነበብኳት፤ አለቀስኩም። ከዚያ ከከባድ መኪና ጎማ ስድስት ክብ ቆረጥኩ። ሹፌሩ በሚመለስበት ሊያደርስልኝ እጁን ዘረጋ። አልሰጠሁትም፤ ቦርሳዬን አንስቼ ቲኬት ቆረጥኩ።