ጌም ቤት ገብታ የማትጫወተው

ልናገረውና ይውጣልኝ፤ ጌም ቤት እሄዳለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው፣ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከደብረ ታቦር መናኸሪያ ጀርባ ካለው ጌም ቤት ገብቼ ጥጉ ላይ ካለው ስክሪን ፊት እቀመጣለሁ። ከሁሉ የባሰው ደግሞ፣ እንደ ሰዎቹ አነጋገር፣ ገብቼ አለመጫወቴ ነው። ኳስ የሚጫወቱት ጎረምሶች ጎል ሲገባ ቤቱን ያደበላልቁታል፤ እኔ ፈረሴን አቁሜ ጉም ከሸለቆ ሲነሣ አያለሁ። ዝናብ ሲመጣ ዛፍ ሥር እጠለላለሁ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ኮረብታ ላይ ወጥቼ ፊቴን ወደ ምዕራብ አዞራለሁ። ጥፋቴ ይኸው ነው።

ጌሙ ሰፊ አገር አለው፤ ተራራ፣ ወንዝ፣ ገብስ የመሰለ ማሳ። ተጫዋቹ በፈረስ እየተዘዋወረ መልእክት ማድረስ፣ ሽፍታ ማሳደድ፣ የተሰረቀ ከብት ማስመለስ አለበት፤ ይህን ሁሉ ሚሽን ይሉታል። እኔ የመጀመሪያውን ሚሽን እንኳ ሳልጨርስ ወራት አለፉ። የጌም ቤቱ ባለቤት አባቱ ገበያ ውስጥ ጨርቅ የሚሸጡ፣ ረጋ ያለ ሙስሊም ወጣት ነው። መጀመሪያ አካባቢ ያላወቅኩበት መስሎት ያዝንልኝ ነበር።

«እህቴ፣ ላሳይሽ? ያቺን ቢጫ ነጥብ ተከተያት» አለኝ አንድ ቀን።

«አይቻታለሁ።»

«ታዲያ ለምን አትሄጂም?»

«ደርሼ ምን ልሠራ?»

ሳቀ። ከዚያ ወዲህ አልጠየቀኝም፤ ስገባ ጥጉን ዝም ብሎ ይለቅልኛል።

የግብርና ባለሙያ ነኝ። ስድስት ዓመት ጉና ተራራ ሥር ያሉትን ቀበሌዎች በእግሬ ዞሬአቸዋለሁ። ጠዋት ወጥቼ ከአንዱ ገበሬ ማሳ ወደ ሌላው እሄዳለሁ፤ ስንዴው ዋግ መትቶት እንደሆነ አያለሁ፣ እርከን አስለካለሁ፣ ስለ ዘር እከራከራለሁ። ኮረብታ ጫፍ ስደርስ ግን ሁልጊዜ እቆም ነበር። አብሮኝ የሚዞረው ባልደረባዬ «ደከመሽ?» ይለኛል። አልደከመኝም። ከበታቼ ያለውን አገር ዐይኔ እስኪጠግብ እያየሁ ነው። ይህን ማስረዳት ስለሚያደክም «አዎ፣ ትንሽ» እለዋለሁ።

መንገዱ አላስተማምን ካለ ወዲህ ከከተማ መውጣት ቀረ። ቢሮ ውስጥ ወንበር ሰጡኝ፤ ስላላየሁት ማሳ ሪፖርት እጽፋለሁ። ጉናን በመስኮት አየዋለሁ፣ አልደርስበትም። ጌሙ ኢንተርኔት አይፈልግም፤ መብራት ካለ ይበቃዋል። «እውነተኛውን ትተሽ የውሸቱን አገር ታያለሽ» የሚሉኝ አሉ። የውሸት መሆኑን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ እውነተኛውን ስድስት ዓመት በእግሬ ለክቼዋለሁ። የተውኩትም እኔ አይደለሁም።

ስሜ በከተማው የተነሣው በአንድ ቅዳሜ ነው። የጌም ቤቱ ባለቤት «በሞቴ፣ አንዲት ሚሽን ብቻ ሥሪ» ብሎ ለመነኝ። እሺ አልኩት። ስድስት ሽፍቶች ከኋላዬ ሆነው እየተኮሱ ያሳድዱኛል፤ እኔም ስጋልብ ለካ ቀላል አይደለሁም። ጎረምሶቹ ኳሳቸውን ትተው ከወንበሬ ጀርባ ቆመው «ንጂው! ንጂው!» ይላሉ። መታጠፊያው ላይ ስደርስ ከፊቴ ጉብታ ላይ ትንሽ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ታየች፤ ጫፏ ላይ መስቀል አለ።

አባቴ በቅሎ ላይ ተቀምጠው በቤተ ክርስቲያን ደጅ ሲያልፉ አይቻቸው አላውቅም። ቅጥሩ ጋ ሲደርሱ ይወርዳሉ፣ ኮፍያቸውን ያወልቃሉ፣ ይሳለማሉ፣ በቅሎዋን እየሳቡ አልፈው ነው እንደገና የሚወጡት። ልጅ ሆኜ ከኋላቸው ተፈናጥጬ ከሆነ እኔም እወርድ ነበር፤ ዝናብም ቢሆን፣ ቢመሽም። እጄ ይህን ያውቃል። ሳላስበው ቁልፉን ተጫንኩትና ከፈረሱ ወረድኩ።

ሽፍቶቹ እንዲህ ያለ ወግ አያውቁም። ስክሪኑ ቀላ፣ ሞትኩ፣ ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። አንዱ ዕንባውን እየጠረገ «ለምን ወረድሽ?» አለኝ።

«ቤተ ክርስቲያን ነዋ!»

ይህ ደግሞ ጨርሶ ገደላቸው፤ ወለሉ ላይ የተቀመጠም ነበር። እኔም መጀመሪያ ስቄያለሁ። ሳቁ አላቆም ሲል ግን ደሜ ፈላ። «አሁንም ብትመጣ እወርዳለሁ» አልኳቸው። ከዚያ ወዲህ በእልህ ሆኖብኝ በደረስኩ ቁጥር እወርዳለሁ፤ ፈረሱን እየሳብኩ አልፋለሁ።

ሰኞ ወሬው ቢሮ ደርሶ ነበር። ውሎ አድሮ ሐሙሲት ድረስ ሄደ፤ የምወደው ሰው ቤተሰቦች ያሉት እዚያ ነው።

እሱ አስተማሪ ነው። ከተዋወቅን ሦስት ዓመታችን ነው። ቸር ነው፣ ቀልድ ያውቃል፣ ስታመም ከእናቴ እኩል ተጨንቋል። ሲራመድ ይፈጥናል፤ አስፋልቱ ላይ አብረን ስንሄድ ሁልጊዜ ሁለት እርምጃ ከኋላው ነኝ። ላገባው ፈልጌ ነበር። ይህን የምለው ነገሩ ቀላል እንዳልነበረ እንዲታወቅልኝ ነው።

ከፋሲካ በኋላ ሦስት ሽማግሌዎች ላከ። እንደ ወጉ አባቴ «ተቀመጡ እንጂ» ሲሉ «የመጣንበትን ሳንናገር አንቀመጥም» ብለው ቆሙ። እኔ እንደ ወጉ ጓዳ ሆኜ እሰማለሁ። ተናገሩ፣ ተቀመጡ፣ ተመራረቁ። ከዚያ ትልቁ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አንዲት ነገር ብቻ አለች። ልጅቱ ጨዋ ናት፣ የጨዋ ልጅ ናት፤ ይህን የሚክድ የለም። ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ከጎረምሳ ጋር እዚያ ጌም ከሚሉት ቤት መቀመጧን ትተወው። ለአንቱም ለእኛም ስም አይሆንም። ልጁም ይህንኑ ነው የሚል።»

ልጁም ይህንኑ ነው የሚል። ከሁሉ የቆረጠኝ ይህ ነው።

አባቴ «ከዘመድ ልማከር፤ የዛሬ ሁለት ሳምንት ተመለሱ» ብለው ሸኟቸው። በማግስቱ ደወልኩለት።

«ለምን በራስህ አፍ አልነገርከኝም?»

«ትቀየሚኛለሽ ብዬ» አለ። «እዪ፣ ብትጫወቺ እንኳ አንድ ነገር ነው። ሰው ሁሉ እየሮጠ አንቺ ብቻ ፈዘሽ ተቀምጠሽ… ጤነኛ አትመስይማ። ሰው ምን ይላል?»

እናቴም አልተወችኝም። «ለፈረስ ስዕል ብለሽ ባል ልታጪ ነው? ተይው በቃ! ምን ይጎድልብሻል?» አለችኝ። ምን እንደሚጎድልብኝ ልነግራት ሞከርኩ፤ ከአፌ ሲወጣ ለእኔም የሞኝ ነገር መሰለኝ። ሁለት ቀን ሙሉ ልተወው ወስኜ ነበር። ይህንንም አልደብቅም።

ቅዳሜ ምሳ ከተበላ በኋላ አባቴ ጋቢያቸውን ደርበው ከዘራቸውን አነሡ። ጉና ሥር ያለውን እርሻ ለወንድሜ ትተው ከተማ ከገቡ ወዲህ ከቤተ ክርስቲያንና ከለቅሶ በቀር ብዙም አይወጡም።

«ነይ እስቲ፣ ያን ቤት አሳይኝ» አሉኝ።

እኔ በምኮራበት ነገር ያን ቀን አፈርኩ። አባቴ ሲገቡ ጎረምሶቹ ጸጥ አሉ፣ ባለቤቱ ብድግ ብሎ «አባቴ፣ እዚህ ይቀመጡ» ብሎ ወንበር አቀረበላቸው። ጥጉ ጋ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ፈረሱን አስነሥቼ በኮረብታው ወገብ በርጋታ ነዳሁት። አባቴ ከዘራቸው ላይ ሁለት እጃቸውን ደራርበው ብዙ ቆዩ።

«ይህ ማሳ የማን ነው?»

«የማንም አይደለም አባዬ፣ ስዕል ነው።»

«ስዕል መሆኑንማ አየሁ። ግን እዪው፣ ዳገቱን ቁልቁል ነው ያረሱት። አንድ ክረምት አይከርምም፤ አፈሩ ይሄዳል።»

ፈረሱን አቆምኩት። ይህንኑ ነበር እኔም የመጀመሪያው ቀን ያሰብኩት፤ ለማን እነግረዋለሁ ብዬ ትቼው ነው።

«እርከንም የለውም» አልኳቸው።

«የለውም» አሉ፣ ልክ አንድ ገበሬ እንደምናማ። «ቆይ፣ አትነቃነቂ። ደመናው ይለፍ።»

የደመናው ጥላ ማሳውን አቋርጦ ወደ ወንዙ ወረደ። ከኋላችን የሆነ ሽፍታ መተኮስ ጀምሮ ነበር፤ ሁለታችንም ዞር አላልንም።

«ምንድን ነው የምታዪው?» አሉኝ።

ድምፃቸው ውስጥ ወቀሳ አልነበረም። ማወቅ ፈልገው ነው። መልስ የለኝም ብዬ አስብ ነበር፤ ለካ አለኝ። ብርሃኑ ከሸንተረር ወደ ሸንተረር ሲሻገር እንደማይ፣ ጉሙ ከየት እንደሚነሣ አስቀድሜ መገመት እንደምወድ፣ ዳገት ስወጣ የገዛ እግሬ ትዝ እንደሚለኝ ነገርኳቸው። መውጣት ከተከለከልኩ ወዲህ ሰው መሆኔን የማስታውስበት ሰዓት ይህ እንደሆነ ነገርኳቸው። እንደ ቅድሙ አላፈርኩም።

«ጉናም ላይ ከሰዓት በኋላ ጥላው እንዲህ ነው የሚወርድ» አሉ።

ያን ጊዜ መብራት ሄደ። ጎረምሶቹ «ኤጭ!» ብለው ጮኹ። አባቴ የጠፋውን ስክሪን ትንሽ አይተው ተነሡ፤ ባለቤቱን መረቁት። ለሽማግሌዎቹ ምን ሊሉ እንዳሰቡ አልጠየቅኳቸውም።

ሽማግሌዎቹ በቀጠሮአቸው ተመለሱ። አባቴ አስቀመጧቸው፣ ጠላ አስቀዱላቸው፣ ከዚያ ወደ ጓዳው ዞረው ተጣሩ።

«ነይ ውጪ። አንቺው መልሽላቸው።»

ሴት ልጅ ለሽማግሌ በራሷ አፍ ስትመልስ በእኛ ቤት ታይቶ አያውቅም። እናቴ አፏን በእጇ ያዘች። እጄን በቀሚሴ ጠርጌ ወጣሁ፤ ፊታቸው ቆሜ ቀና አልኩ።

«ልጁን እወደዋለሁ» አልኳቸው። «በአባቴ ፊት ይህን ማለት ነውር እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ወራት ሙሉ እዚያ ቤት ስቀመጥ ሰምቷል፣ ሰው ሲስቅብኝ ሰምቷል፣ ተይው ብሎም ልኮብኛል። ምን እንደማይ አንድ ቀን ጠይቆኝ አያውቅም። አባቴ በአንድ ከሰዓት ጠየቁኝ። የሚጠይቀኝ ቤት እያለ ወደማይጠይቀኝ ቤት አልሄድም።»

ትልቁ ሽማግሌ አባቴን አዩ። አባቴ ወለሉን አዩ።

«እንግዲህ እምቢ ነው?» አሉኝ ሽማግሌው።

«እምቢ ነው።»

ማንም ጠላውን አልጨረሰም። አባቴ እስከ በር ሸኟቸው። እናቴ ሦስት ቀን አላነጋገረችኝም፤ እኔም ሦስት ቀን አለቀስኩ፣ ቢሮ ውስጥ ሳይቀር። ተጸጽቼ አይደለም። የሚወደድ ሰው ነበር።

በአራተኛው ቀን ስልኬ ጠራ፤ እሱ ነው። ሽማግሌዎቹ ያልኩትን ቃል በቃል አድርሰውለታል። ደህና ነሽ ወይ አለኝ፣ ከዚያ ረጋ ብሎ «ምንድን ነው ግን የምታዪው?» አለኝ።

ወራት ሙሉ ከእሱ አፍ ልሰማው የምፈልገው ጥያቄ ነበር፤ የጠየቀኝ ግን ሽማግሌ ከነገሩት በኋላ ነው። መልሱ አፌ ላይ ነበር። ዋጥኩትና ስልኩን ዘጋሁት።