በዋሻው ወይስ በበረሃው

ሐኪሙ «ቤት ውሰዱትና አስታምሙት» ካለን ቀን ጀምሮ አባቴ የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ኮምቦልቻ ሄዶ እህቱን ማየት። አክስቴ ጉልበቷ አልታዘዝ ካላት ቆይቷል፤ እሷ እንድትመጣ ማንም አላሰበም። አባቴ «እሷን ሳላይ አልሞትም» ብሎ የሚፎክር ሰው አይደለም። «አይቻት ልሙት» ነው ያለው። ልዩነቱ ገብቶኛል፤ ጊዜ የለንም ማለት ነው።

እኔ ሰበታ ፋብሪካ የነበረኝን ሥራ ትቼ ሱሉልታ አብሬው ተቀመጥኩ። ወንድሜ ከቡራዩ አሮጌ ዲኤክሱን እየነዳ ይመጣል፤ ቁጭ እንልና መንገድ እንመርጣለን። ሁለት ነበሩ። አንደኛው በደብረ ብርሃን ሄዶ በጣርማበር ዋሻ ተራራውን ሾልኮ የሚወርደው ነው፤ አጭሩ እሱ ነው፣ አባቴም የጭነት መኪና ሲነዳ ዕድሜውን የፈጀበት። ሁለተኛው ተራራውን ጨርሶ ትቶ በዱከም፣ በአዋሽ ወርዶ፣ የአፋርን በረሃ ዞሮ በባቲ በኩል የሚገባው። የዋሻው መንገድ ዛሬ ሲከፈት ነገ ይዘጋል። የበረሃው ክፍት ነው፤ ግን ሙቀቱ ጤነኛውን ሰው ያዝለፈልፋል። አባቴ ደግሞ ሆዱ ውሃ ቋጥሮ ቀና ብሎ መቀመጥ እንኳ አቅቶት ነበር።

«በረሃው ይሻላል፤ ቢያንስ እንደርሳለን» አለ ወንድሜ።

«ማን ነው የሚደርሰው? አንተና እኔ?»

«አንቺ ደግሞ አፍሽ!»

«አፌን ተወውና መልስልኝ። ሬሳ ይዘን ነው የምንደርሰው።»

ከመጋረጃው ወዲያ የአባቴ ድምፅ መጣ። «ቀስ በሉ፣ ሬሳው ይሰማል።»

ሳቅን። እንደዚያ ያለ ሳቅ አይድገመኝ።

ጎረቤታችን የአባቴ የመንገድ ጓደኛ ነበሩ፤ ጡረታ የወጡ ሹፌር። ሰፈሩ ሁሉ ኦቦ ነው የሚላቸው። ጠዋት ጠዋት ገና መንገድ ላይ ላሉት ሹፌሮች ይደውሉልንና በአጥሩ በኩል ይነግሩኛል፤ ሰላምታችን በኦሮምኛ ነው።

«አከም ቡልተኒ፣ ኦቦ? እንዴት አደሩ? ዛሬስ?»

«ነጋ፣ ልጄ፣ ሰላም ነው። ከራን ጩፋዳ። ዛሬም ተዘግቷል።»

ማን እንደዘጋው፣ ለምን እንደዘጋው መጠየቅ ትቻለሁ። ብጠይቅስ ምን ላደርገው? ገብቼ ሻንጣውን አያለሁ። አባቴ ለእህቱ የገዛው ጋቢ ላዩ ላይ ታጥፎ ተቀምጧል። እሱ የእኔን ፊት አይቶ ወደ ግድግዳው ይዞራል።

አንድ ቀን ኦቦ አጥሩ ጋ ሳይቆሙ በቀጥታ ወደ በሩ መጡ። «ተከፈተ ይላሉ። መልሰው ሳይዘጉት ሂዱ።»

ፍራሽ ከኋላ አነጠፍን። መሪውን ወንድሜ ሊይዝ ሲል አባቴ «እሷ ትንዳ፤ አንተ ከመኪናው ይልቅ ፍሬኑን ነው የምትነዳው» አለው። መንዳት ያስተማረኝ ራሱ ነው። እንጦጦን ስንወርድ አንዴ እንኳ አላቃሰተም። ደብረ ብርሃንን ስናልፍ ጭራሽ የሚያወራ ሰው ሆነ፤ የትኛው ኩርባ ላይ ማን እንደተገለበጠ፣ የት የሚሸጥ ቆሎ አሸዋ እንዳለው ይነግረናል። እንደምንደርስ ከልቤ አመንኩ። ሞኝ ነኝ።

ተራራው ላይ ጉሙ ወረደ። ከዚያ የቆሙ የጭነት መኪኖች አየሁ፤ ጉሙ ውስጥ እስከሚጠፉ ድረስ ተደርድረዋል። ከፊት የሚመለስ አንድ ሹፌር መዳፉን በመስኮት አውጥቶ ገልበጥ አደረገልን። ይህ የሹፌሮች ቋንቋ ነው፤ ተመለሱ ማለት ነው።

ወርጄ በእግሬ ሄድኩ። አንዱ ሹፌር ጎማው ሥር ተቀምጦ ዳቦ ይበላል።

«ወንድሜ፣ ዋሻው ተዘጋ እንዴ?»

«ዋሻው ምን ሆነና? ዋሻውማ ያውልሽ። ነገሩ ከዋሻው ወዲያ ነው።»

«መቼ ይከፈታል?»

«እኔን ትጠይቂኛለሽ? የጫንኩት ሽንኩርት ማዳበሪያው ውስጥ እየበቀለ ነው።»

«በሽተኛ ይዘናል።»

ተነስቶ አብሮኝ መጣ፤ በመስኮቱ ወደ ውስጥ አየና ወዲያው ዞረ። «እንዲህ ሆኖ በረሃውን አትሞክሩት» አለኝ በቀስታ። ቀሪውን ዳቦ ኪሱ ከትቶ ሄደ።

ወንድሜ ወደ ጆሮዬ ተጠጋ። «ዞረሽ ትንሽ ንጂና ዋሻውን አልፈናል በይው። በዚህ ጉም ምን ያያል?»

አፌን ሳልከፍት አባቴ ቀደመኝ። «ክላክስ አላደረግሽም።»

ልጆች ሆነን ነግሮናል። ዋሻው ውስጥ ሲገባ ሁልጊዜ ክላክስ ያደርጋል፤ ግድግዳው ሲመልስለት ሰላም ያለው ይመስለዋል።

«አልገባንም፣ አባዬ። ተዘግቷል።»

«እ። ከዚህ ይታያል?» አለኝ።

«ጉም ነው።»

«እንግዲያው እዚሁ አድርጊው።»

ረዥም አድርጌ ተጫንኩት። ጉሙ ዋጠው። ምንም የመለሰልን ነገር የለም፤ ከፊታችን ካለው መኪና ብቻ አንዱ አንገቱን አውጥቶ «አንቺ! ላም መሰልንሽ?» ብሎ ጮኸ። አባቴ ፈገግ ለማለት ሞከረ መሰለኝ። ከዚያ ፊቱን በነጠላው ሸፈነ፤ ሱሉልታ እስክንገባ አልገለጠውም።

ያ ሳምንት ሳያልቅ ሞተ። የቀበርነው ከሱሉልታ ጭቃ ሥር ነው፤ የአገሩን ሰው ሁለት እንኳ ሳናገኝለት።

ከቀብር ስንመለስ አክስቴ ደወለች። ሌሊቱን ስታለቅስ አድራ ድምጿ ተዘግቷል።

«ተሸክመውም ቢሆን ያምጡኝ፤ ለሠልስቱ ልድረስ» አለች። «ልጄ፣ በየት በኩል ልምጣ?»

ስንት ቀን ሙሉ ያጠናሁት ይህንኑ ነበር። እያንዳንዱን ከተማ በቃሌ አውቀዋለሁ። ስልኩን ግን ለወንድሜ ሰጠሁት። እሱ ሰማና ለኦቦ አቀበላቸው። ኦቦ ጆሯቸው ላይ እንደያዙት የድንኳኑን ምሰሶ ማየት ጀመሩ። ከተቀመጥኩበት ድምጿ ይሰማኛል።

«ሄሎ? ኧረ ሰው የለም? በየት በኩል ነው ያላችሁኝ?»