ከጥዱ ሥር የነገርኳቸው

ትናንት የልጅ ልጄን ቡሬ ጤና ጣቢያ አደረስኳት። ወጣቶችን ለብቻ የምታማክር ሴት አለች። ከክፍሏ የአዲስ ጥድ አግዳሚ ወንበር ሽታ መጣብኝ። ስንመለስ ልጅቱ፣ «እምዬ፣ እርስዎስ በልጅነትዎ ማንን አማከሩ?» ብላ ያዘችኝ።

በጃንሆይ ጊዜ ነው፤ ገና አሥራ ሦስት ዓመቴ። አባቴ ለአንድ ጎልማሳ ሊድረኝ ቀን ቆርጧል። እህል አልወርድ ቢለኝ ወደ ነፍስ አባታችን ወሰደኝ። እሱ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ቀረ፤ እኔ ከአባ ጋር ከግቢው ጥድ ሥር ተቀመጥኩ።

«ብቻችንን ነን፣ ልጄ። ምን አገኘሽ?»

«ሰውየውን ፈራሁት፣ አባ። ከዳሩኝ እሞታለሁ። ለአባቴ ከነገሩብኝም ይገድለኛል።»

«የሰውየው ቅድመ አያት ማን ይባሉ ነበር?» አሉኝ። አልሰሙኝም ብዬ አለቀስኩ። ተነሥተው ወደ አባቴ ሲሄዱማ፣ አለቀልኝ ብዬ የጥዱ ግንድ ላይ ጥምጥም አልኩ።

አባቴ ፊቱን አጥቁሮ መጣ። «አባ ዘር ቢቆጥሩ በሰባት ቤት ውስጥ ዝምድና ተገኘ። ሠርጉ ቀርቷል» አለኝ።

ከብዙ ዓመት በኋላ ለአባ ተዝካር ሄድኩ። ባለቤታቸው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «ከዚያ ሰውዬ ጋር ዝምድናስ አልነበራችሁም» አሉኝ። «ለዚያች ውሸት እስኪሞቱ ድረስ በየዓርቡ ይሰግዱ ነበር።»