የተወጠረ ጎማ

አዳማ ውስጥ በጎሚስታ ቤት ባለፍኩ ቁጥር፣ የጎማው ሽታ ሲመጣብኝ ደሜ ይፈላል። ዛሬ ፊዚክስ ተምሬ የጎማን መለጠጥ ነው የማጠናው።

ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ፣ “አባቴ በከመነዳሪ፣ በጎማ የውስጥ ላስቲክ፣ ወጥሮ ያሰረው ጭነት ፀሐይ ሲመታው ይብስ ይጠብቃል” ስላልኩ መምህሩ “ወላጅ አምጪ!” አለኝ። ጎሚስታው አባቴ እጁ እንደጠቆረ መጣ። ልጁ የሚሆነው መምህር ተማሪው ሁሉ ፊት፣ “አንተ፣ ነገር ሁሉ ሲሞቅ እንደሚረዝም አታውቅም?” ብሎ ጮኸበት። አባቴ አቀርቅሮ “ይቅርታ ጌታዬ” አለ። ወደ ቤት ስንመለስ ግን፣ “ለፈተናው እሱ ያለውን ጻፊ፤ ጎማው እንደሆነ አይሰማውም” አለኝ።

ጻፍኩ። መምህሩም በቀይ እስክሪብቶ ትልቅ ራይት አደረገልኝ። የተወጠረ ጎማ ግን፣ አባቴ እንደሚያውቀው፣ ሲሞቅ ያጥራል እንጂ አይረዝምም።

እሱን ረግሜ ረግሜ ስጨርስ፣ የሚቀረኝ የራሴ የእጅ ጽሑፍ ነው።