ሥራ አጥ የሌለበት ቀበሌ

ተወካያችን ወረቀት ሲገልጥ ጣቱን ይልስ ነበር። ንግግሩን በእጁ ጽፎ ያመጣና አጠገቤ ቆሞ፣ ሌባ ጣቱን በምላሱ አርሶ ገጹን እየገለጠ፣ «ከዚህ ጀምሪ» ይለኛል። ወረቀቱ እኔ ዘንድ ሲደርስ ጥጉ ርሷል። በመሀረቤ ጠርጌ ታይፕ እመታለሁ። ያኔ ፊት ለፊት አንቱ እለው ነበር፤ ዛሬ ስጽፈው ግን አንቱታው ከእጄ አልወጣ አለኝ።

ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ቦሌ ሚካኤል አካባቢ፣ ከአንድ ነጋዴ በተወረሰ ቪላ ውስጥ በነበረው የቀበሌያችን ጽሕፈት ቤት በታይፕ ጸሐፊነት እሠራ ነበር። እሱ ደግሞ ቀድሞ የአንድ ፋብሪካ ካድሬ የነበረ፣ በኋላ ከእኛ ሰፈር ተመርጦ ሸንጎ የገባ ሰው ነው። ተመርጦ ስል፣ ሦስት ዕጩዎች ቀርበው ሁለቱን ማንም አያውቃቸውም ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ገብቶ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«በሚቀጥለው ጉባኤ ስለ ሥራ አጥነት እናገራለሁ» አለኝ። «ኃላፊዎቹንም አልለቃቸውም። ግን በባዶ እጄ አልገባም። የሥራ አጦቹን ስም ከነዕድሜያቸው፣ ከነቤት ቁጥራቸው እፈልጋለሁ። አንቺ የሰፈሩ ልጅ ነሽ፤ ላንቺ ይነግሩሻል።»

ደስ አለኝ። መደበቅ አያስፈልግም፣ በጣም ደስ ብሎኝ ነበር። የጎረቤታችን የእማማ ልጅ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ከጨረሰ ስድስት ዓመቱ ነበር። በየወሩ በእግሩ መሀል ከተማ ድረስ እየሄደ የሥራ ፈላጊ ካርዱን ማኅተም ያስመታል፤ አስመትቶ ይመለሳል። ቀኑን የሰፈሩን ሰው ሬዲዮ በነፃ ሲጠግን ይውላል። እንደሱ ያለው በየግቢው ነበር። በመጨረሻ አንድ ሰው ስለነሱ ሊናገር ነው ብዬ አመንኩ።

ሳምንት ሙሉ ቤት ለቤት ዞርኩ። ጊዜው እናቶች ወንድ ልጆቻቸውን የሚደብቁበት ጊዜ ነው፤ ብሔራዊ ውትድርና የሚለው ቃል ሲሰማ በር ይዘጋል። ለእኔ ግን ከፈቱልኝ። እማማም በሩ ላይ ቆመው ትንሽ አመነቱ።

«ልጄ፣ ስሙ ለምን ተፈለገ?»

«ለሥራ ነው እማማ። ተወካያችን ሸንጎ ላይ ሊያነሡት ነው።»

«አንቺ ካልሽ ይሁን» አሉና ካርዱን ከፍራሽ ሥር አውጥተው ሰጡኝ። «የአባቱን ስም አስተካክለሽ ጻፊው። ሁሌ ያበላሹታል።»

አስተካክዬ ጻፍኩት። ዝርዝሩ አንድ ገጽ ተኩል ሆነ። ካርቦን አድርጌ በሦስት ኮፒ እንድመታው አዘዘኝ፤ ሦስት ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩም።

ንግግሩ በሬዲዮ የተላለፈ ዕለት በቀበሌው አዳራሽ ተሰብስበን አዳመጥን። ድምፁ ያምር ነበር። «ወጣቱ ተምሮ ግድግዳ ተደግፎ ሲውል ተጠያቂው ማነው?» አለ። «ዕቅዱን ያወጣው ይጠየቅ፤ ዕቅዱን ያልፈጸመው ይጠየቅ፤ እኔም የመረጠኝ ሕዝብ ይጠይቀኝ።» አጠገቤ የተቀመጡ አንድ ጡረተኛ ሽማግሌ፣ «ወንድ ወጣልን» አሉ። እኔም መዳፌ እስኪቀላ አጨበጨብኩ።

ሁለት ሳምንት እንዳለፈ ማስታወቂያ አስመታኝ። ሥራ ፈላጊ ወጣቶች በሙሉ ካርዳቸውን ይዘው እሑድ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ለሥራ ምዝገባ በቀበሌው አዳራሽ እንዲገኙ የሚል ነበር። ራሴ በየበሩ አደረስኩት።

እሑድ መጡ። ሸሚዛቸውን ተኩሰው፣ ጫማቸውን አስጠርገው መጡ። የእማማ ልጅ የሟች አባቱን ኮት ለብሶ ነበር፤ እጅጌው ረዝሞበት በአንድ ዙር ወደ ውስጥ ታጥፏል። እኔ ከጠረጴዛ ጀርባ ተቀምጬ ካርድ እየተቀበልኩ ነበር። የመጨረሻው እንደገባ በሩ ተዘጋ። ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ቆመው የነበሩ ሁለት የጭነት መኪናዎች ወደ ደጃፉ ተጠጉ፤ ወታደሮች ወረዱ። አንድ መቶ አለቃ ወረቀት አውጥቶ ስም መጥራት ጀመረ።

ወረቀቱን ከጠረጴዛዬ ሆኜ አወቅኩት። የታይፓችን «መ» ግማሿ አይወጣም ነበር። ካርቦኑ የደበዘዘው ሦስተኛው ኮፒ ነው። መቶ አለቃው ስሞቹን እኔ በጻፍኩበት ቅደም ተከተል ጠራቸው። የእማማ ልጅ ጋ ሲደርስ የአባቱን ስም ሳያበላሽ ጠራው።

ልጁ በአጠገቤ ሲያልፍ አልሰደበኝም። «ለምሳ እንዳትጠብቀኝ ለእማማ ንገሪልኝ» ብቻ አለኝ። 

ሰኞ ተወካያችን እንደ ወትሮው መጣ። ብርቱካን እየላጠ ነበር።

«ጓድ፣ ለሥራ ነው ብለውኝ ነበር» አልኩት።

«ውትድርና ሥራ አይደለም እንዴ?» አለ። የእውነቱን ነው፤ ገርሞት ነበር። «ይበላሉ፣ ይለብሳሉ፣ ደመወዝም አላቸው።»

«ዝርዝሩን ማን ሰጣቸው?»

«የበላይ አካል ጠየቀ፣ የበታች አካል ሰጠ።»

«ተጠያቂው ማነው ታዲያ?»

ሳቀ። የብርቱካኑ ጭማቂ በአገጩ ወረደ። «ይኼ ለሸንጎ የሚሆን ጥያቄ ነው» አለና አንድ ፍልቃቂ ብርቱካን ዘረጋልኝ። አልተቀበልኩትም። ያደረግሁት እምቢታ ይኸው ነው፤ ሌላ የለም።

ምክንያቱም ቀጣዩንም ንግግር የመታሁት እኔ ነኝ። «ባለፈው ጉባኤ ያነሣሁት ችግር በተወሰደው ቆራጥ እርምጃ ተፈትቷል። ዛሬ በመረጠኝ ቀበሌ አንድም ሥራ አጥ ወጣት የለም» ይላል። ቃል በቃል መታሁት፣ ስሕተት እንዳለበት ለማየት መልሼ አነበብኩት፣ ሰጠሁት። እጄን በሳሙና ስታጠብ ዋልኩ። በሬዲዮ ሲተላለፍ ሞቅ ያለ ጭብጨባ ተሰማ። በእኛ አዳራሽ ውስጥ ግን ያጨበጨበ የለም። ሽማግሌው ኮፍያቸውን አንሥተው ወጡ።

እማማ አልጮኹብኝም። መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላምታዬን በአንገታቸው ይመልሳሉ፤ ከዚያ በኋላ ግን ቤታቸው ግቢ አላሉኝም። እናቴ በእኔ እጅ ዳቦ ስትልክላቸው በር ላይ ተቀብለው ሳህኑን ታጥቦ በሌላ ሰው ይልኩታል። ሥራውን የለቀቅኩት ከስምንት ወር በኋላ ነው። ቶሎ ለቀቅኩ ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ፤ ግን ስምንት ወር ቆይቻለሁ።

መንግሥት በተለወጠ በሦስተኛው ወር ተወካያችን ቤቴ መጣ። ከስቷል፤ ሱፉ ሰፍቶበታል። የድሮ ባለሥልጣናት እየተጠየቁ ነበርና ምስክር ፈልጎ ነው።

«የመጀመሪያውን ንግግሬን ታስታውሺዋለሽ» አለኝ። «በዚያ ዘመን ስለ ተጠያቂነት እንደኔ በድፍረት የተናገረ አለ? ለሥራ አጡ ተከራክሯል ብለሽ ፈርሚልኝ።»

«እመሰክራለሁ» አልኩት። «ግን ሁለተኛውንም ንግግር እናገራለሁ። ማስታወቂያውንም፣ ሦስተኛውንም ኮፒ እናገራለሁ።»

 «አንቺም እኮ አለሽበት» አለ ቀስ ብሎ።

«አለሁበት። ያንንም እናገራለሁ።»

ተነሥቶ ሄደ። ለማንም ሳልመሰክር ቀረሁ፤ የጠራኝም አልነበረም። በኋላ ሰው እንደነገረኝ፣ ጥቂት ጊዜ ታስሮ ተፈታና ገርጂ አካባቢ ሱቅ ከፈተ።

የእማማ ልጅ በመስከረም ከሰሜን መጣ፤ አብዛኛውን መንገድ በእግሩ ነው የመጣው። የቀኝ እጁ ሁለት ጣቶች የሉም፤ ሬዲዮ መጠገን አልቻለም። ስሰማ ሄጄ በራቸው ላይ ቆምኩ። እሱ ወጥቶ ግቢ አለኝ፤ አልገባሁም።

«እኔ ነኝ የጻፍኩህ» አልኩት።

«አውቃለሁ። አንቺ ባትጽፊው ሌላ ሰው ይጽፈው ነበር» አለኝ።

እማማ ከውስጥ ሆነው ይሰሙን ነበር። «ሌላ ሰው ቢመጣማ በሩን አልከፍትም ነበር» አሉ።