ለእትዬ አጁሉ ያስተማርኩት ቃል

ልጅ ሳለሁ እንደ «ግብዳ» የምወደው ቃል አልነበረም። ከባሮ ወንዝ የወጣው ዓሣ ግብዳ፣ የጎረቤታችን የማንጎ ዛፍ ግብዳ ነበር። ትልቅ ማለት ብቻ አይደለም፤ ከልክ ያለፈ፣ ሲያዩት ሳቅ ሳቅ የሚያሰኝ ትልቅነት ነው። አባቴ፣ «ለዕቃ በይው፤ ለሰው ግን ነውር ነው» ይለኝ ነበር።

አባቴ ጋምቤላ ከተማ ሱቅ ነበረው። በረንዳችን ላይ እትዬ አጁሉ የምትባል የአኝዋ ሴት ደረቅ ዓሣ ትሸጥ ነበር። የዓሣው ሽታ ከሱቁ የሳሙና ሽታ ጋር ተደባልቆ እስከ ጓዳችን ይገባል። አማርኛዋ ጥቂት ስለነበር ያልገባትን ሁሉ እኔን ትጠይቀኛለች።

አንድ ቀን፣ «ትልቅ ሰው፣ የሚከበር ሰው፣ ምን ይባላል?» አለችኝ።

ተንኮሌ መጣ። «ግብዳ ይባላል» አልኳት። ደጋግማ ተለማመደችው።

ለካስ የጠየቀችኝ ለቁም ነገር ነበር። እናቷን ስታስታምም ምዝገባ ስላለፈባት፣ ልጄን ተቀበሉልኝ ብላ የትምህርት ቤታችንን ዳይሬክተር ልትለምን ነው። በማግስቱ ልጇን አሪየትንና እኔን አስከትላ ሄደች። ዳይሬክተሩ ከራሳቸው ቀድሞ ቦርጫቸው የሚታይ ቁጡ ሰው ነበሩ። እትዬ አጁሉ ጎንበስ ብላ፣ «ጤና ይስጥልኝ፣ ግብዳ ዳይሬክተር» አለች።

በቢሮው የነበሩት መምህራን ሳቃቸውን ዋጡ። የዳይሬክተሩ ፊት ጠቆረ። «ማነው እንዲህ በይ ያለሽ?»

እሳቸውን አየች፤ ቀጥሎ እኔን አየች። ገባት።

«ማንም የለም። እኔ ገበያ ሰማሁ። አማርኛ አላውቅም፣ ይቅርታ።»

አሪየት አዲስ ደብተሯን ደረቷ ላይ አቅፋ በሩ ላይ ቆማ ነበር። እሷን ሳይ እንባዬ መጣ። «እኔ ነኝ ያስተማርኳት! የተከበረ ማለት ነው ብያት ነው» አልኩ።

ዳይሬክተሩ ወደ እኔ ዞሩና መዝገቡን ሳቡ። «ልጅቷ ካንቺ ጎን ትቀመጣለች። አማርኛ ታስተምሪያታለሽ፤ ትክክለኛውን!»

እትዬ አጁሉ አልተቆጣችኝም፤ ለአባቴም አልነገረችብኝም። በዚያ አናት በሚበሳ ፀሐይ፣ እኔን በጥላው በኩል አድርጋ እጄን ይዛ ወደ ቤት ወሰደችኝ።

ዛሬ አሪየት ጀዊ የስደተኞች ካምፕ ነርስ ናት። እኔ የአባቴን ሱቅ ይዣለሁ፤ ክፍል ውስጥ ከአሪየት ጎን ተቀምጬ በለመድኩት የአኝዋ ቋንቋ ከደንበኞቼ ጋር እጫወታለሁ። የዛሬ ልጆች «ግብዳ»ን ለአድናቆትም ይሉታል፤ ማንም አይቆጣም። እትዬ አጁሉ ግን የለችም። እኔ በእሷ ቦታ ብሆን፣ ያሳፈረችኝን ልጅ ሳላጋልጥ የምወጣ አይመስለኝም። ስላሳደጉኝ ሰዎች አልሐምዱሊላህ ስል፣ ከአባቴ ቀጥሎ የምጠራው የእሷን ስም ነው።